በእግሯ የምታውቀው ባሕር

ኦስላ ሃልክሮ ሥራዋን የለቀቀችው ሰልችቷት ነው ብለው የሚያወሩ አሉ። ለርዊክ ወደብ ላይ ደግሞ ሥራ የፈታ አፍ መቼም አይጠፋም፤ «ጨርቋን ጥላ ነው» የሚሉም ሰምቻለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ያመላለስኩላት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻም ጀልባዋን የነዳሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ስለ ኦስላ የሚወራ ከሆነ እኔ ላውራ።

ጊቢ ሊስክ እባላለሁ። የባሕር ወለል በምታጠና አንዲት መርከብ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ምግብ አብስያለሁ። ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን ባሕር መሐል ካሉት ከሼትላንድ ደሴቶች ነኝ፤ ግን የለርዊክ ከተማ ልጅ፣ ያውም የጫማ ሰፊ ልጅ። ዕድሜዬን ባሕር ላይ ጨርሼ ባሕር አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ የማውቀው ድስቱ ሲንሸራተት መያዝ ነው። ኦስላ ግን የዎልሴ ልጅ ናት። ዎልሴ ከደሴቶቻችን በስተ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ሰዎቿ መራመድ ሳይችሉ ጀልባ ላይ መቀመጥ ይችላሉ። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ማንሲ ነው። ማንሲ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ልጁን የሚተውላት ሰው ስላልነበረው ጀልባው ውስጥ ይዟት ይወጣ ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ኤሌክትሮኒክስ ልትማር ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወረደች፤ በዚያው ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሻን ሆና ሠራች። ዶክተሮቹ ያስባሉ፣ እሷ ብሎን ታጠብቃለች። ያሰቡት ነገር እንዳያፈስ፣ እንዳይሞቅ፣ እንዳይንቀጠቀጥ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። አላገባችም። የምትኖርበት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ እንዳለ አንድ ቀን አጫወተችኝ። «ሁለተኛ ለምን አትገዢም?» ስላት «ማን ሊቀመጥበት?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ ያሏት ሰዎች አባቷና የቤተ ሙከራው ባልደረቦቿ ነበሩ፤ አለቃዋ ዶክተር ኤምሪስና ሌሎች ሦስት። አባቷ በጥር ወር ሞተ። ለቀብሩ መጥታ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፤ ቤተ ሙከራው የሠራው አዲስ ማሽን መርከብ ላይ ሊጫን እየተዘጋጀ ነበርና። ከዚያ ወዲያ የቀሯት አራቱ ብቻ ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ፤ የታሪኩ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማሽኑን አበርዲን ወደብ እኛ መርከብ ላይ ሲጭኑት አየሁት። ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ ነው። ዶክተር ኤምሪስ ስድሳ ያለፈው፣ ከዌልስ ተራራ የመጣ፣ ለምግብ አብሳይም ቢሆን ለማስረዳት የማይሰለች ሰው ነበር።

«ጊቢ፣ ዓይንህን ተሸፍነህ አውቶቡስ ውስጥ ብትቀመጥ» አለኝ፣ «ሲነሣ ወደ ኋላ ይጎትትሃል፣ ሲቆም ወደ ፊት ይገፋሃል፣ ሲታጠፍ ትንጋደዳለህ። ይህን ሁሉ አንድም ሳትረሳ ብትደምረው የት እንደደረስክ ማንንም ሳትጠይቅ ታውቃለህ።»

«እኔ አውቶቡስ ላይ እተኛለሁ፣ ዶክተር።»

«ይሄ አይተኛም። አቶሞችን በሌዘር ብርሃን ቀጥ እስኪሉ ድረስ እናቀዘቅዛቸዋለን። ከዚያ እንለቃቸዋለን፤ ይወድቃሉ። እንዴት እንደወደቁ መልሰን በብርሃን እንጠይቃቸዋለን። መርከቧ ስንዝር ብትንቀሳቀስ ይነግሩናል። ኳንተም የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አንዷ አቶም በሁለት መንገድ ባንዴ ትሄዳለች።»

«የመጀመሪያዋ ሚስቴም እንደዛው ነበረች» አልኩት። ዶክተሩ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ኦስላ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሆና ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት መኖሯንም ልብ አላልኩም።

ጥቅሙ ለባሕር ኃይሉ ነበር። ዛሬ መርከብ ሁሉ የት እንዳለ የሚጠይቀው ሳተላይት ነው። ጠላት ደግሞ የሳተላይቱን ድምፅ ማፈን ይችላል፤ ከባሰም ድምፁን አስመስሎ ይዋሻል። ወደ ሰሜን የሚወጡ አጥማጆቻችን መሣሪያቸው አውሮፕላን ማረፊያ መሐል ቆማችኋል እያለ ሲያሾፍባቸው አይተዋል። ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ከውኃ ሥር ሆኖ ሳተላይቱን መስማት አይችልም። የት እንዳለ ለመጠየቅ ብቅ ማለት አለበት፣ ብቅ ካለ ደግሞ ይታያል። ይህ ማሽን ከተሳካ ግን ሰርጓጁ ማንንም ሳይጠይቅ ወራት ከሥር ይከርማል። አቶም ሲወድቅ የሚያፍነው ጠላት የለም።

ሙከራው ሠላሳ አንድ ቀን ነበር። ያስቸገረው ነገር የማሽኑ ጠባቂ ናት፤ እሷም ኦስላ ነበረች። ጠባቂዋ መርከቧ በትክክል የት እንዳለች ካወቀች፣ ሳታስበውም ቢሆን ማሽኑን ወደ እውነቱ ትገፋዋለች ይላሉ። ስለዚህ እንዳታውቅ ትደረጋለች። ኮንቴይነሩ መስኮት የለውም። አልጋዋ እዚያው፣ መታጠቢያዋ እዚያው ነው። ማሽኑ «እዚህ ነን» የሚለውን በስክሪኑ ታያለች፤ እውነተኛውን ቦታ ግን አታይም። ሰማይ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ወደ ላይ መውጣት የለም። እሷ ጋ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ኮማንደር ሄስኬት የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው፣ ወረቀት አስፈረመኝ። እሷ ፊት የማልጠራቸው ቃላት ተዘርዝረውበታል። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ብርድ፣ ጭጋግ፣ ወፍ፣ መሬት፣ ወደብ።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «በእኛ አገር ስለ አየሩ አታውራ ማለት አፍህን ስፋው ማለት ነው።»

«ስፋው» አለኝ። «ትኩስ ዓሣም እንዳታቀርብላት። የምን ዓሣ እንደሆነ ካየች የት እንዳለን ትገምታለች።»

ይህንን ለኦስላ ስነግራት ፈገግ አለች። «አባቴም ባሕር ላይ ድመት አይልም ነበር፤ ቄስም አይልም። ቃሉን ከጠራኸው ባሕሩ ይሰማሃል ይል ነበር። እሱና ኮማንደሩ ይግባቡ ነበር።»

እንዲህ ሆነን ሄድን። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ፣ ትሪውን አስቀምጣለሁ፣ አፌን ጠብቄ እወጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሾርባ ብቻ አወራን። በዘጠነኛው ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ጊቢ፣ ትንሽ ቁጭ በል» አለች።

«ስለ ምን እናወራለን? ሁሉም ነገር ክልክል ነው።»

«ስለ ድንች አውራኝ።»

ስለ ድንች አወራኋት፤ እውነቴን ነው፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ስትሰማኝ ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ። ሰው እንደዚያ አድርጎ ሰምቶኝ አያውቅም። ሰው ምን ያህል ቢርባት ነው የእኔን የድንች ወሬ እንደዚያ የምትሰማው ብዬ ልቤ ተነካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን እስክትጨርስ እቀመጥ ነበር።

የእናት ሞገድን ነገር ያነሣችልኝ ከነዚህ ቀኖች በአንዱ ነው። ስሟን እኔም ሰምቻለሁ፤ የሼትላንድ ሰው ሆኖ ያልሰማ የለም። ግን አያቶች የሚያወሩት ተረት ነበር የሚመስለኝ።

«ትንሽ ሆኜ ጀልባው ወለል ላይ ያስተኛኝና ቆቡን ዓይኔ ላይ ይደፋዋል» አለች። «ከዚያ ‹እናትዬዋ የት ናት?› ይለኛል። መጀመሪያ ቀን ስለ እናቴ የጠየቀኝ መስሎኝ አለቀስኩ። እሱ ግን ሞገዷን ነበር። ነፋስ የሚያስነሣቸው ሞገዶች ሁሉ ልጆቿ ናቸው፤ ይጮኻሉ፣ ይራኮታሉ። እሷ ከሥር ናት። ነፋሱ በየትም ይምጣ እሷ ቀስ ብላ ወደ መሬት ትገፋለች። የድሮ ሰዎች ኮምፓስ ሳይኖራቸው በጭጋግ ውስጥ ቤታቸው የሚገቡት በእሷ ነው።»

«አንቺ ይሰማሻል?»

«በእግሬ። በባዶ እግሬ። አሁን ግን አባቴ ሞቷል፤ ከእኔ ሌላ የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«እኔንስ እንኳን አልተሰማኝ» አልኳት፣ «እኔ ድስት አለብኝ።» ምን ዓይነት መልስ ነው? አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ በመታሁ እላለሁ። ሰው የቀረውን የመጨረሻ ነገር ገልጦ ሲያሳይህ ስለ ድስት አይወራም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ምሳ ይዤ ገባሁ። የደረቀ የበግ ሥጋ ሾርባ ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ሳትነካው ነው የመለስኩት። ኦስላ ጫማዋን አውልቃ ብረቱ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አትበለኝ። ፊትህን አዙር።»

«እንዴት?»

«ፊትህ ይናገራል፣ ጊቢ። አዙር።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እውነቷን ነው፣ ፊቴ ይናገር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በወጥ ቤቴ ክብ መስኮት ዎልሴን ሳይ ነበርና። ዝቅ ብላ፣ አረንጓዴ ሆና፣ በስተ ምዕራብ በኩል። ከኋላዬ ኦስላ ስታለቅስ ሰማሁ። ጮክ ብላ አይደለም፤ አፍንጫዋን እየሳበች፣ ልክ እንደ ልጅ። የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ክልክል ነበሩ። ትሪውን ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን ምን እንዳደረገች ያወቅሁት ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ሁለት ስሌት ያወጣል። ሁለቱ ከተለያዩ አንዱን የምትመርጠው እሷ ናት። ምርጫው ሕግ አለው፤ ቁጥሮቹ የበለጠ የረጉት ይወሰዳል፣ አለቀ። በዚያ ቀን የረጋው የመጀመሪያው ነበር። እሱ የሚለው ደግሞ ከዎልሴ አሥራ አንድ ማይል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቀን ክፍት ባሕር ላይ ነን ነው። ሁለተኛው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ ያለንበትን ቦታ ብሏል። ከእግሯ ሥር ደግሞ እናት ሞገድ አባቷ ያጠምድበት በነበረው ቦታ እንደምትመታው አድርጋ እየመታች ነበር። ኦስላ ሁለተኛውን መረጠች። መዝገቡ ላይ «የመጀመሪያው ተረብሿል» ብላ ጻፈች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጻፈችው አንድ ውሸት ይኸው ነው።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አበርዲን ገባን። ኮንቴይነሩ ተከፈተ፤ ማሽኑ ያለውና እውነተኛው ቦታ ተነጻጸረ። ልዩነቱ አራት መቶ ሜትር ነበር። ከሠላሳ አንድ ቀን በኋላ አራት መቶ ሜትር! ዶክተር ኤምሪስ እንደ ልጅ ዘለለ። ኦስላን አቅፎ ከመሬት አነሣት። ሦስቱ ባልደረቦቿ ከደቡብ በባቡር መጥተው ነበር፤ ተራ በተራ አቀፏት፣ ዘፈኑላት፣ በስሟ ብርጭቆ አነሡ። ኮማንደር ሄስኬት እንኳን ጥርሱን አሳየ። በመከር ማሽኑ ሰርጓጅ መርከብ ላይ እንደሚገጠም እዚያው ተናገረ። እኔ ኬክ ጋግሬ ነበር። ኦስላ መሐላቸው ቆማ፣ ፀሐይ ያላየ ፊቷ ቀልቶ፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነበር። ከአባቷ ቀብር ወዲህ ማንም አቅፏት እንደማያውቅ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤት መጥታ የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

«ጊቢ፣ ያወቀው ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ።» ሁሉንም ዘረገፈችልኝ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አልኳት። «አራት መቶ ሜትር ብለዋል፣ በቃ አራት መቶ ሜትር ነው።»

«ሰርጓጁ ውስጥ መቶ ሠላሳ ሰው ይተኛል። ማሽኑ እዚህ ናችሁ ሲላቸው ያምኑታል። እኔ እዚያ አልኖርም።»

«ባሕሩ ሰፊ ነው።»

«አሥራ አንድ ማይል ውስጥ ስንት ድንጋይ እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፤ አንቺም ማወቅ አልነበረብሽም! ስሚኝ ኦስላ፣ ዛሬ ያቀፉሽ ሰዎች ይህን ከነገርሻቸው ነገ ሰላም አይሉሽም። ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰበት ነገር ነው። ሌላ ማን አለሽ? አፍሽን ዝጊ።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ስታቀፍ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያ እንዳይቀርባት ነው። ግን ያልኩት ያንን ነው፤ አሁን አላሳምረውም። እሷም ከጆንያው ሳትነሣ፣ «ሌላ ማን አለኝ» ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ኬኩ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ዝም አለች። በአራተኛው ለዶክተር ኤምሪስ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀና በልስላሴ፣ «ኦስላ፣ አባትሽን ቀብረሽ ገና ግማሽ ዓመት አልሞላሽም» አላት። «ሐዘን ነው። ሁለተኛውን የመረጥሽው በአጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ደግሞ ሰምሯል። ሂጂና ዕረፊ።» በሰጣት በር ብትወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን መዝገቡን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ሲጠጡ ወሬያቸው እሷ ስትገባ ይቆም ጀመር። አንደኛው ባልደረባዋ ፊት ለፊት፣ «እግርሽ ይህን ያህል ካወቀ ለምን እግርሽን ሰርጓጁ ላይ አንገጥመውም?» አላት። ሌሎቹ ሳቁ።

ኤምሪስ ግን ቅን ሰው ነው፤ ይህንን አልክድበትም። ነገሩን ለኮማንደሩ ጻፈለት። የኮማንደሩ መልስ አጭር ነበር፦ ሴትዮዋ ትፈተን። እግሯ የማያውቅ ከሆነ ምርጫዋ አጋጣሚ ነው፣ ማሽኑ በመከር ይገጠማል። እግሯ የሚያውቅ ከሆነ ሙከራው ከንቱ ነው።

በሰኔ ወር ኦስላ፣ ኤምሪስና እኔ ለፈተናው ዎልሴ ላይ ተገናኘን። እኔ ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ ጀልባ እንድነዳላቸው ኦስላ ለመነችኝ። ጀልባው የማንሲ ነው፤ ሞተሩ ሳል የያዘው ሽማግሌ ይመስላል። ጭጋግ የወረደበትን ጠዋት ጠብቀን ወጣን። ኦስላ ዓይኗ በሱፍ ሻርፕ ታሥሯል። አንድ ሰዓት ሙሉ እያዞርኩ፣ እየተጠማዘዝኩ፣ ወደፊት ሄጄ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነዳሁ፤ እኔ ራሴ ኮምፓስ ባይኖረኝ ኖሮ ጠፍቼ ነበር። ከዚያ ሞተሩን አጠፋሁ። ዙሪያችን ነጭ ነው። የሚሰማው ውኃው የጀልባውን ጎን ሲልስ ብቻ ነው።

ኦስላ ጫማዋን አውልቃ መሐል ቆመች። ኤምሪስ ኮምፓሱን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ካልተሰማሽ አልተሰማሽም ነው» አላት። ድምፁ ተለማማጭ ነበር። «ብትሳሳቺ ማንም አይቀየምሽም ኦስላ። ሁላችንም እንደ ድሯችን እንሆናለን።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። እጇን ወደ ሌላ አቅጣጫ ብትዘረጋ ሁሉም ይመለስላታል። ማሽኑም፣ ሻይ ላይ የቆመው ወሬም፣ ያቀፏት አራት ሰዎችም። ውሸት መናገር እንኳን አያስፈልጋትም፤ ክንዷን ወደተሳሳተ ቦታ ማንሣት ብቻ።

እኔም አላረፍኩም። «ብርድ ነው ኦስላ። ዝም ብለሽ የሆነ ቦታ ጠቁሚና እንሂድ።»

ብዙ ቆመች። ክንዷ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ክፍቱ ባሕር፣ ወደ ኖርዌይ በኩል ሄደ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ኤምሪስ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ጣቷ ግን አልተዘረጋም። ክንዷ አየር ላይ እንዳለ፣ ዓይኗ እንደታሠረ፣ «ሰርጓጁ ውስጥ ያሉትም እንደኔ ዓይናቸው ታሥሮ ነው የሚሄዱት» አለች። ከዚያ መላ ሰውነቷን አዞረችና ጣቷን ዘረጋች።

ኤምሪስ ኮምፓሱን አየ፤ እኔም የራሴን አየሁ። ጣቷ የአባቷን ቤት ነበር የሚያመለክተው። በግምት እንዳይመስላችሁ፣ ልክክ ብሎ ነው። እንደገና አዞርኳት፤ እንደገና ጠቆመች። በሦስተኛው ኤምሪስ ኮምፓሱን አላየም። ክዳኑን ዘግቶ ኪሱ ከተተውና «ይበቃል» አለኝ።

ስንመለስ ሻርፑን ራሷ ፈታችው። ጠረፉ ላይ ስንደርስ ኤምሪስ ወርዶ «ደህና ሁኚ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ወደ ለርዊክ በሚመልሰው ጀልባ ሄደ። ኦስላ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ ባዶው ቤት የሚወስደውን ዳገት ብቻዋን ወጣች። እኔ ገመዱን እያሠርኩ ነበር። ገመድ ለማሠር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እኔ ግን እሷ ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ አሠርኩት። አፍሽን ዝጊ ብያት ስለነበር አጠገቧ ለመሄድ ፊት አልነበረኝም።

የስንብት ደብዳቤው በሐምሌ መጣላት። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የሙከራውን ሕግ ስለጣሰች፣ ለረዥም ዘመን አገልግሎቷ ከምስጋና ጋር፣ ምናምን። በአባቷ ቤት ቀረች። ከአራቱ አንዱም አልደወለላትም።

በጥቅምት ሙከራው ተደገመ፤ ያው መንገድ፣ ያው ማሽን፣ ሌላ ጠባቂ። ማብሰያው ላይ ያለሁት ደግሞ እኔው። በሠላሳ አንደኛው ቀን ኮንቴይነሩ ሲከፈት ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። ማሽኑ በሙሉ ልብ፣ ያለምንም መንቀጥቀጥ፣ ያለንበት ነው ያለውን ቦታ ተናገረ። ከባሕሩ ዳር ርቆ የበግ ግጦሽ መሐል ነበር ያስቀመጠን። ልዩነቱ አሥራ አንድ ማይል፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። ኮማንደር ሄስኬት ካርታው ላይ እንደተደፋ ብዙ ቆየና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «መቶ ሠላሳ ሰው» አለ። ኤምሪስ አንድ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ኬክ አልጋገርኩም።

ሻይ ወሰድኩለት። «ዶክተር፣ ኦስላ እኮ...» ብዬ ገና ስጀምር ተነሥቶ ወጣ። ሻዩ እጄ ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወደቡ ወርጄ ደወልኩላት።

«ልክ ነበርሽ» አልኳት።

ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምን ያህል ጅል ነኝ።

«ኤምሪስስ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ደህና ነው። ደክሞታል።»

«ስለ እኔ ጠየቀህ?»

ውጭ ቆሜያለሁ፤ ዝናብ ነው። በዚያች ሰዓት እውነቱን ለመናገር የእሷን ዓይነት ልብ ያስፈልግ ነበር፤ እኔ የለኝም።

«ጠየቀኝ እንጂ» አልኩ። «ኦስላ ደህና ናት ወይ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ደህና ናት አልኩት።»

ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል።

«ጥሩ ብለሃል» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስሙን አንሥታብኝ አታውቅም።